ለፋይናንስ ሥራ የትኛው ነጻ የስታቲስቲክስ መሣሪያ ይሻላል? «አር»፣ ፓይተን፣ ጁሊያ፣ ኦክቴቭ እና ግሬትል ሲነጻጸሩ

የአንድ ፈንድ የአምስት ወር ትርፍ በመቶኛ 2፣ -1፣ 3፣ 0 እና 1 ነው እንበል። የትርፉ ውጣ ውረድ፣ ማለትም ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ፣ ስንት ነው? «አር» 1.58 ይላል። ፓይተን ውስጥ ናምፓይ በተባለው የስሌት ፓኬጅ (ተጨማሪ የኮድ ጥቅል) ካሰሉት 1.41 ይወጣል። እዚያው ፓይተን ውስጥ ፓንዳስ የተባለውን የዳታ ፓኬጅ ቢጠይቁት ደግሞ 1.58 ይመልሳል። ወደ ዓመታዊ ሲቀየር አንዱ 5.48፣ ሌላው 4.90 ይሆናል። ማናቸውም አልተሳሳቱም። «አር» እና ፓንዳስ የልዩነቶቹን ስኩዌር ድምር ለ4 ያካፍላሉ፣ ናምፓይ ካልተነገረው በስተቀር ለ5 ያካፍላል።

ይህን የተማርኩት ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ለስጋት ኮሚቴ ሪፖርት ስናዘጋጅ ነው። እሱ በፓይተን፣ እኔ በ«አር» ሠርተን ቁጥሮቻችን አልገጥም አሉን። ዳታው አንድ፣ ቀመሩም አንድ ስለመሰለን ስህተቱን ዳታው ውስጥ ስንፈልግ ግማሽ ቀን ዋልን። የመረጃው ቁጥር በሺዎች ሲሆን ልዩነቱ ከዓይን ይሰወራል። የእኛ ግን የአንድ ዓመት ወርሃዊ መረጃ ነበር፤ አሥራ ሁለት ቁጥር ብቻ።

ከዚያ ወዲህ «የትኛው ይሻላል?» ተብዬ ስጠየቅ መልሴን ከፍጥነትም ከዝናም አልጀምርም። እነዚህን መሣሪያዎች ለማግኘት የሚከፈል የለም፤ ስለዚህ ዋጋ አያለያያቸውም። የሚያለያያቸው ኃላፊው ወይም ኦዲተሩ «ይህ ቁጥር ከየት መጣ?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱን ማን፣ በምን ያህል ጊዜ ያቀርባል የሚለው ነው።

ኤክሴል ለምን አይበቃም?

ለትንሽ ሥራ ይበቃል። ኤክሴልም ሆነ ነጻው ሊብሬኦፊስ ካልክ በአንድ ገጽ 1,048,576 ረድፍ ይይዛሉ፤ ብዙ ሰው ከዚያ አያልፍም። ችግሩ ቀመሩ ከቁጥሩ ሥር መደበቁ ነው። ጄፒ ሞርጋን ቼዝ በ2012 በለንደን ቢሮው ከ6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከከሰረ በኋላ በጥር 2013 ያወጣው የራሱ ምርመራ እንዳሳየው፣ አንዱ የስጋት መለኪያ ሞዴል ይሠራ የነበረው በእጅ ኮፒ እየተደረገ ከአንዱ ወደ ሌላው በሚለጠፍ የኤክሴል ሰንጠረዥ ነበር። አንዱ ቀመር ለአማካይ ማካፈል ሲገባው ለድምር ያካፍል ስለነበር ውጣ ውረዱ ከእውነቱ ያነሰ መስሎ ታይቷል። የኪሳራው ምክንያት ይህ ብቻ ነው ማለት አይደለም። ነገር ግን ቀመሩ በግልጽ ኮድ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ሁለተኛ ሰው አንብቦ ሊይዘው የሚችል ስህተት ነበር።

መጀመሪያ መመዘኛው

ለእኔ ከሁሉም የሚቀድመው ውጤቱን ሌላ ሰው ከስድስት ወር በኋላ እንደገና ማግኘት መቻሉ ነው። ለዚህ ኮዱ መቀመጡ ብቻ አይበቃም። የፓኬጆች ስሪት ይለወጣል፤ ስሪቱ ሲለወጥ ትናንት የሠራው ኮድ ዛሬ እምቢ ይላል፤ ከዚያ የባሰው ደግሞ ሳይናገር ሌላ ቁጥር መስጠቱ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ዲፎልቱ ነው፦ ካልተነገረው መሣሪያው በራሱ የሚወስደው ምርጫ። ለስንት ያካፍላል? ሪግሬሽን (አንድ ቁጥር ከሌሎች ጋር ያለውን ግንኙነት የሚገምት ስሌት) ላይ ቋሚውን ቁጥር ይጨምራል ወይስ አይጨምርም? ርዝመታቸው የማይገጥም ሁለት ዝርዝሮች ሲመጡለት ምን ያደርጋል? የንጽጽር ጽሑፎች ብዙ ጊዜ ይህን ይዘሉታል። እኔ ግን ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ መሆኑን አይቻለሁ።

ሦስተኛው ለእርስዎ ሥራ የተዘጋጀ ፓኬጅ መኖሩ ነው። የብድር ስጋት፣ የፖርትፎሊዮ ግምገማ፣ የቦንድ ዋጋ ስሌትና የማክሮ ኢኮኖሚ ትንበያ አንድ ዓይነት ሥራ አይደሉም። አራተኛው የዳታው መጠንና ከሌሎች ሲስተሞች ጋር መገናኘቱ ነው። አምስተኛው ሰው ነው፦ አሁን ማን ይሠራበታል፣ እሱ ሥራውን ሲለቅ ማን ይረከበዋል?

ስድስተኛው «ነጻ» የሚለው ቃል ነው፤ እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። «አር»፣ ኦክቴቭ እና ግሬትል የሚሰራጩት በጂፒኤል ፈቃድ ነው፤ ፓይተንና ጁሊያ ከዚያ የላላ ፈቃድ አላቸው። በቢሮ ውስጥ ለራስ ሥራ ለሚጠቀም ሰው ልዩነት የለውም። የጂፒኤል ኮድ ያለበትን ፕሮግራም ለደንበኛ ለማሰራጨት ካሰቡ ግን የምንጭ ኮዱንም የመስጠት ግዴታ ሊመጣ ስለሚችል አስቀድመው የሕግ ባለሙያ ያማክሩ። ፓይተን ራሱ ነጻ ቢሆንም፣ ብዙ ሰው ፓይተንን የሚጭንበት አናኮንዳ የተባለው ጥቅል ከ2020 ጀምሮ ውሉን ለውጦ ከ200 በላይ ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶች የራሱን የፓኬጅ ማከማቻ ሲጠቀሙ እንዲከፍሉ ይጠይቃል። ትልቅ መሥሪያ ቤት ውስጥ ከሆኑ ፓይተንን ከዋናው ምንጭ ወይም ሚኒፎርጅ በተባለው ነጻ ጥቅል በኩል ይጫኑ።

አንድ ነገር ከአምስቱም መሣሪያዎች በፊት ይታወቅ፦ እነዚህ የትንተና መሣሪያዎች እንጂ የሒሳብ መዝገብ አይደሉም። ክፍልፋይን በኮምፒውተሩ የሁለትዮሽ ቁጥር (በ0 እና በ1) ስለሚይዙ 0.1 ሲደመር 0.2 በትክክል 0.3 አይሆንም። ለስጋት ስሌት ምንም አይደለም፤ ለሒሳብ ሚዛን ግን ሳንቲም ይጎድላል። ለዚያ ፓይተን «ዴሲማል» የሚባል አብሮት የሚመጣ መሣሪያ አለው።

«አር»፦ ከስታቲስቲክስ ባለሙያ ቤት የወጣ

«አር»ን የጀመሩት በኒውዚላንድ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ሮስ ኢሃካ እና ሮበርት ጄንትልማን ናቸው። መሠረቱ በ1970ዎቹ በቤል ላብስ የተሠራው የ«ኤስ» ቋንቋ ነው፤ የመጀመሪያው ሙሉ ስሪት በየካቲት 2000 ወጣ። የትውልዱ ነገር በየቦታው ይታያል። በአንድ መስመር ትእዛዝ ሪግሬሽን ሠርተው በሌላ መስመር ማጠቃለያውን ሲጠይቁ ኮኤፊሸንቱ፣ ስታንዳርድ ኤረሩ፣ የቲ እና የፒ ዋጋው በአንድ ሠንጠረዥ ይቀርባል፤ ቋሚው ቁጥርም ሳይጠየቅ ተጨምሮ ነው የሚመጣው። ኢኮኖሚክስ ወይም ስታቲስቲክስ የተማረ ሰው የለመደውን ያገኛል።

ለፋይናንስ ያለው ስንቅ ጥልቅ ነው። ኤክስቲኤስ በቀን የተደረደረ መረጃ ይይዛል፤ ፐርፎርማንስ አናሊቲክስ የፖርትፎሊዮ ውጤትና የኪሳራ ጥልቀት ያሰላል፤ አርዩጋርች ጋርች ለሚባሉት፣ ውጣ ውረድ በጊዜ እንዴት እንደሚለዋወጥ ለሚገምቱ ሞዴሎች ነው። ሰርቫይቫል የተባለው ፓኬጅ ከ«አር» ጋር አብሮ የሚመጣ ሲሆን ተበዳሪ መቼ መክፈል እንደሚያቆም ለመገመት ይጠቅማል። ክራን በተባለው ማከማቻ ከ20,000 በላይ ፓኬጆች አሉ፤ ፓኬጆቹ በተለያዩ የኮምፒውተር ዓይነቶች ላይ እየተፈተሹ፣ ፍተሻውን ያላለፈና ያልተስተካከለ ከዝርዝሩ ይወጣል። ለቁጥጥር ክፍል ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አደጋው የት ነው? የ12 ወር ወጪ ካለበት ዝርዝር ላይ የ4 ሩብ ዓመት በጀት ያለበትን ዝርዝር ቢቀንሱ፣ «አር» አራቱን ቁጥሮች ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ይቀንሳል። 12 ለ4 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል ማስጠንቀቂያ እንኳ አያወጣም። የመጀመሪያው ወር ከአንደኛው ሩብ ዓመት፣ ሁለተኛው ወር ከሁለተኛው ሩብ ዓመት ጋር ተነጻጽሮ ይወጣል። ሪፖርቱ ያማረ፣ ቁጥሩ ግን ከንቱ ነው። ናምፓይ በዚህ ቦታ ስህተት ብሎ ይቆማል። «አር»ን የሚመርጥ ሰው ቀን ያለውን መረጃ ሁሉ በኤክስቲኤስ ይያዝ፤ ያኔ ቁጥሮቹ የሚገጥሙት በቀናቸው ይሆናል።

ስሪት ለመቆለፍ ሬንቭ የተባለ ፓኬጅ አለ፤ ከመጀመሪያው ቀን ይጠቀሙበት። ዊንዶውስ ላይ ከላቲን ውጭ በሆነ ፊደል የተጻፉ ስሞች ያሉበትን ፋይል የሚሠሩ ከሆነ በ2022 ከወጣው 4.2.0 በታች ያለ ስሪት አይጫኑ፤ ፊደሉ የሚበላሽበት ችግር የተቃለለው ከዚያ ወዲህ ነው።

ፓይተን፦ ለሁሉም የሚሆን፣ ግን ንቃት የሚፈልግ

ፓይተንን ጊዶ ቫን ሮስም ለሕዝብ ያወጣው በ1991 ነው፤ ለስታቲስቲክስ ተብሎ አልተሠራም። ሆኖም የዛሬው የዳታ ሥራ ምሰሶ የሆነውን ፓንዳስ የወለደው ፋይናንስ ነው። ዌስ ማኪኒ በ2008 ኤኪውአር በተባለ የኢንቨስትመንት ድርጅት ሲሠራ ነበር የጀመረው። የቀን መረጃን የሚይዝበት መንገድ የገበያ ሥራ የሚያውቅ ሰው እጅ እንዳለበት ያሳያል።

ትልቁ ጉልበቱ ከስሌቱ በፊትና በኋላ ያለው ሥራ ነው። ከዳታቤዝ ማምጣት፣ ከሌላ ሲስተም ጋር መነጋገር፣ በየሌሊቱ በራሱ እንዲሠራ ማድረግ፣ ውጤቱን በኢሜይል መላክ ሁሉም በአንድ ቋንቋ ያልቃል። የቦንድና የዴሪቬቲቭ ዋጋ ለማስላት ኳንትሊብ የተባለው የቆየ ነጻ ላይብረሪ በፓይተን በኩል ይሠራል። ለማሽን ለርኒንግ ደግሞ ከአምስቱ የሚስተካከለው የለም።

ዲፎልቱ ላይ ግን ሦስት ጊዜ አስጠንቅቃለሁ። የናምፓይን አካፋይ ከላይ አይተናል። ሁለተኛ፣ ስታትስሞዴልስ በተባለው የስታቲስቲክስ ፓኬጅ ውስጥ ዝርዝሮችን በቀጥታ ሰጥተው ሪግሬሽን ሲያሠሩ ቋሚውን ቁጥር እርስዎ ካልጨመሩ እሱ አይጨምርም፤ መስመሩ በግድ በዜሮ ላይ እንዲያልፍ ይሆናል። የአንድን አክሲዮን ቤታ (ከገበያው ጋር ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ የሚለካውን ቁጥር) በዚህ መንገድ ያሰላ ሰው የተዛባ ቁጥር ይዞ ይሄዳል። ሦስተኛው ለብድር ክፍል ነው። ሳይኪት-ለርን የተባለው የማሽን ለርኒንግ ፓኬጅ ሎጂስቲክ ሪግሬሽን (የመክሰር ዕድልን የመሰለ አዎ ወይም አይ ውጤት የሚገምት ሞዴል) ሲሠራ ኮኤፊሸንቶቹን ወደ ዜሮ የሚገፋ ቅጣት በዲፎልት ይጨምራል። ለትንበያ ጥሩ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የተበዳሪ ነጥብ ሰንጠረዥ ሠርተው ቁጥሩ ከ«አር» ጋር አልገጠመም ብለው ቢጨነቁ ምክንያቱ ይህ ነው።

ማህደረ ትውስታም ይታሰብ። ማኪኒ ራሱ የጻፈው መመሪያ ለፓንዳስ ከዳታው መጠን ከ5 እስከ 10 እጥፍ ራም ይኑር የሚል ነበር። ከዚያ ለሚያልፍ ዳክዲቢ የተባለው ነጻ ዳታቤዝ ከፓይተንም ከ«አር»ም ጋር ይሠራል። የፓይተን የፓኬጅ ማከማቻ እንደ ክራን ከመውጣቱ በፊት የሚመረምር ሰው የለውም፤ ከታወቀ ፓኬጅ ስም ጋር በአንድ ፊደል የሚለያዩ ተንኮል ያለባቸው ፓኬጆች በተደጋጋሚ ተገኝተዋል። የደንበኛ መረጃ በሚነካ ኮምፒውተር ላይ የፓኬጅ ስም በእጅ አይጻፍ፤ ከጸደቀ ዝርዝር ብቻ ይጫን።

ጁሊያ

በ2012 ይፋ ሆነ፣ 1.0 ስሪቱ በ2018 ወጣ። ሐሳቡ ሞዴሉን በቀላል ቋንቋ ጽፎ ለፍጥነት ሲባል በሌላ ቋንቋ እንደገና የመጻፍን ጣጣ ማስቀረት ነው። የኒውዮርክ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ የማክሮ ኢኮኖሚ ሞዴሉን ማትላብ ከተባለው ፈቃዱ ከሚከፈልበት መሣሪያ ወደ ጁሊያ ያዛወረው ለዚሁ ነው። የስሪት መቆለፊያው ከቋንቋው ጋር አብሮ ስለሚመጣ በመጀመሪያው መመዘኛዬ ከሁሉም ይበልጣል። ፕሮግራሙ በተጀመረ ቁጥር ይታይ የነበረው መዘግየት በ2023 ከወጣው 1.9 ስሪት ወዲህ ቀንሷል።

ሚሊዮን ጊዜ የሚደጋገም ሲሙሌሽን ከሌለዎት ግን አልመክረውም። የፋይናንስ ፓኬጆቹ ያነሱ ናቸው፤ ኮዱን የሚረከብ ሰው ማግኘትም ይከብዳል።

ኦክቴቭ

የማትላብ ኮድ ወርሰው ፈቃዱን ማደስ ካቃተዎት ኦክቴቭ ብዙውን እንዳለ ያሠራል። በማዕከላዊ ባንኮች የሚታወቀው ዳይናር የተባለው የማክሮ ሞዴል መሣሪያም በኦክቴቭ ላይ ይሠራል። ካለፈ ታሪክ የኪሳራ ጣሪያ ሲያሰሉ ይጠንቀቁ፦ የፐርሰንታይል ስሌት ዘዴው በዲፎልት ከ«አር»ና ከናምፓይ የተለየ ነው፤ ጥቂት መረጃ ላይ ልዩነቱ ይታያል። አዲስ ሥራ በኦክቴቭ የሚጀመርበት ምክንያት አይታየኝም።

ግሬትል፦ ከሚገባው በታች የታወቀ

ኮድ ጽፎ ለማያውቅ ሰው የማቀርበው የመጀመሪያው ይህ ነው። ሜኑ አለው፤ ሪግሬሽን፣ ጋርች፣ ቫር (የብዙ ተለዋዋጮች የጊዜ ተከታታይ ሞዴል)፣ የፓነል ዳታ (ብዙ ድርጅቶችን ወይም ሰዎችን በተለያየ ጊዜ የያዘ መረጃ) ሁሉ በሜኑ ይሠራሉ። የምወድለት ግን ሌላ ነው፦ በማውስ የመረጡት ሥራ ሁሉ በትእዛዝ መልክ ይመዘገባል። የተጫኑትን በኋላ ከመዝገቡ ገልብጠው ስክሪፕት ያደርጉታል፤ በዚያው ኮድ ይማራሉ። ሲያድጉም «አር»ንና ፓይተንን ከውስጡ መጥራት ይቻላል።

ወሰኑ ግልጽ ነው። የኢኮኖሜትሪክስ መሣሪያ ነው፤ የቦንድ ዋጋ፣ ማሽን ለርኒንግ ወይም የሌሊት አውቶማቲክ ሥራ አይጠበቅበትም።

በአንድ ሠንጠረዥ

| መመዘኛ | «አር» | ፓይተን | ጁሊያ | ኦክቴቭ | ግሬትል |
|---|---|---|---|---|---|
| ውጤቱን እንደገና ማግኘት | በሬንቭ ጥሩ | ጥሩ፣ ግን ዲሲፕሊን ይፈልጋል | በጣም ጥሩ | መካከለኛ | ጥሩ |
| ዋናው ወጥመድ | አጭሩን ዝርዝር መደጋገም | አካፋዩ፣ ቋሚው ቁጥር፣ ቅጣቱ | የመጀመሪያ መዘግየት | የፐርሰንታይል ዘዴ | ጥቂት |
| የስጋትና የፖርትፎሊዮ ፓኬጅ | በጣም ሰፊ | ሰፊ | እያደገ ያለ | ጠባብ | ኢኮኖሜትሪክስ ብቻ |
| ከሌላ ሲስተም ጋር መገናኘት | ጥሩ | በጣም ጥሩ | መካከለኛ | ደካማ | ደካማ |
| ለጀማሪ | መካከለኛ | መካከለኛ | ከባድ | መካከለኛ | ቀላል |
| የሚረከብ ሰው ማግኘት | ቀላል | በጣም ቀላል | ከባድ | ከባድ | መካከለኛ |
| ፈቃድ | ጂፒኤል | የላላ | የላላ | ጂፒኤል | ጂፒኤል |

ለየትኛው ሥራ የትኛው?

የብድር ስጋት ወይም የተጠባባቂ ሒሳብ ሞዴል ሠርተው ለተቆጣጣሪ የሚያስረዱ ከሆነ «አር»ን ይያዙ። ማብራሪያው፣ ሰንጠረዡና ኮዱ በአንድ ሰነድ ስለሚወጡ ጠያቂው የሚፈልገውን ቁጥር ከነመነሻው ያየዋል።

ሥራዎ ከዳታቤዝ ተነስቶ በየቀኑ በራሱ ሪፖርት የሚያወጣ ከሆነ ወይም ከአይቲ ክፍል ጋር አብረው የሚሠሩ ከሆነ ምርጫው ፓይተን ነው። ለስታቲስቲክሱ ስታትስሞዴልስን፣ ለትንበያ ብቻ ሳይኪት-ለርንን ይጠቀሙ፤ ሁለቱን አያደባልቁ።

ብቻዎን የሚሠሩ፣ አሮጌ ላፕቶፕ ያለዎት፣ ለሥልጠና የሚመደብ ገንዘብም ሆነ ረጅም ጊዜ የሌለዎት ከሆነ በግሬትል ይጀምሩ፤ በሳምንት ውስጥ የሚረባ ሥራ ያወጡበታል። ለሥልጠና ጥቂት ወራት ያለው ቡድን ግን በቀጥታ ወደ «አር» ወይም ወደ ፓይተን ይሂድ። ሁለቱንም ባንድ ጊዜ መጀመር አይገባም፤ እንዲህ ያደረገ ቡድን አይቻለሁ፣ በዓመቱ ሁለቱንም በግማሽ ነበር የሚያውቀው።

በጀት ያለው መሥሪያ ቤት ገንዘቡን ለሶፍትዌር ሳይሆን ለሦስት ነገር ያውለው፦ የጋራ ሰርቨር፣ ኮድ የሚገመግም ሁለተኛ ሰው፣ እና የተመረጡ ፓኬጆች የሚቀመጡበት የውስጥ ማከማቻ።

ከየትኛውም ምርጫ ጋር የሚሄድ አንድ ሌላ ምክር አለኝ። ከኢንተርኔት የአክሲዮን ዋጋ በነጻ የሚያወርዱ ፓኬጆች በ«አር»ም በፓይተንም አሉ፤ ለልምምድ ድንቅ ናቸው። ብዙዎቹ ግን ከዳታው ባለቤት ጋር ውል የላቸውም፤ ድረ ገጹ አሠራሩን በለወጠ ማግስት ይቆማሉ። ለአስተዳደር የሚቀርብ ሪፖርት በእነሱ ላይ አይመሥረት።

ቡድኑ ውስጥ «አር» የሚያውቅም ፓይተን የሚያውቅም ካለ አንዱን ማስለቀቅ አያስፈልግም። ዳታውን ሁለቱም በሚያነቡት የፓርኬ ፋይል ይለዋወጡ፤ የመጨረሻውን ሰነድ ሁለቱንም ቋንቋ በሚቀበለው ኳርቶ ያዘጋጁ። ሥራው ከመጀመሩ በፊትም እነዚያን አምስት ቁጥሮች ሁለቱም በየራሳቸው መሣሪያ ያስሉና ለ4 ነው ወይስ ለ5 የሚካፈለው የሚለውን ተስማምተው በሪፖርቱ የግርጌ ማስታወሻ ላይ ይጻፉት።